ቁርጥማት ሁሉ አንድ አይደለም፤ ስለ ጉልበት በሽታ ምርመራና ሕክምና በጎጃም ደጋ

«ጉልበት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መታጠፊያ ነው፤ ሁለተኛው ኀይልና ብርታት ነው። ለሁለቱ አንድ ስም መሰጠቱ ያለ ምክንያት አይመስለንም፤ በእርሻ በሚተዳደር ሕዝብ ዘንድ ጉልበቱ የታመመ ሰው ጉልበቱ ያለቀ ሰው ሆኖ ይቈጠራልና።

ይህን ጉዳይ እንድናነሣ ያደረገን ምክንያት አለ። በግንቦት ወር 2015 ዓ.ም. የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ተሐድሶ ሕክምና አንድ ውሳኔ አሳልፎአል። የውሳኔው ፍሬ ነገር የታመመን ወይም የተጎዳን ሰው ወደ ሥራውና ወደ ኑሮው የሚመልሰው ሕክምና በትልልቅ ከተሞች ብቻ ተወስኖ እንዳይቀርና ለሕዝብ ቅርብ በሆኑት የጤና ድርጅቶችም እንዲሰጥ መንግሥታትን ማሳሰብ ነው። እንዲህ ያለው ቃል በጉባኤ አዳራሽ ለመናገር ቀላል ነው። ትርጉሙ የሚታወቀው ግን በደብረ ማርቆስ፥ በደምበጫ፥ በቢቸና ወይም በሞጣ ጤና ጣቢያ በር ላይ ዱላውን ተደግፎ ለተቀመጠው ሽማግሌ ምን ይደረግለታል ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

የሽማግሌው ሕመም በመንደሩ ስም አለው። «ቁርጥማት» ይባላል፤ አንዳንዱም «ሪህ» ይለዋል። ስሙ በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ አንድ ስም ለብዙ በሽታ መሰጠቱ፥ አንድ ዓይነት ክኒንም ለሁሉ መታደሉ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ዋና ሐሳብም ይኸው ነው፤ ለመገጣጠሚያ በሽታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ ሳይሆን አንዱን ሕመም ከሌላው መለየት ነው። ይህንንም የመለየት ሥራ በቅርብ ባለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል።

መገጣጠሚያ እንዴት ይሠራል?

ሁለት አጥንቶች በሚገናኙበት ስፍራ ጫፎቻቸው እንዳይፋጩ ልም አጥንት የሚባል ለስላሳ ሽፋን አላቸው። በግ ወይም በሬ ሲታረድ መገጣጠሚያውን የከፈተ ሰው ይህን ነጭና አዳላጭ ሽፋን ያውቀዋል። ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ ውሃ ነው። የደም ሥርም ሆነ ነርቭ የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ስንራመድ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፥ ስናርፍ ደግሞ መልሶ ይመጣል።

ከዚህ ሁለት ቁም ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፥ መገጣጠሚያው ጨርሶ ሳይንቀሳቀስ የኖረ እንደ ሆነ ልም አጥንቱ ምግብ ያጥረዋል። ሁለተኛ፥ ደም ስለማይደርሰው አንድ ጊዜ ከተበላ እንደ ተሰበረ አጥንት መልሶ አይጠገንም። ዊሊያም ሐንተር የተባለው የሕክምና ሊቅ ይህን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1743 በለንደን ባቀረበው ጽሑፍ አስረድቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢደከምም፥ ያለቀውን ልም አጥንት እንደ ቀድሞው አድርጎ የሚመልስ መድኃኒት አልተገኘም።

ልም አጥንቱ እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ ያለው አጥንት ይደድራል፤ በዳር በዳሩም ትርፍ አጥንት ይበቅላል። ውስጠኛው ሽፋን ይቈጣል፥ ውሃም ይቋጥራል። ሐኪሞች ይህን በሽታ «ኦስቲዮአርትራይተስ» ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 በዓለም ላይ 528 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ ነበረባቸው፤ ከነዚህም የ365 ሚሊዮኑ ሕመም በጉልበት ላይ ነበር። እንግዲህ በሽታው የድኻ አገር ብቻ ወይም የአንድ ክፍለ ሀገር ብቻ አይደለም።

አገሩና ሥራው

ይሁን እንጂ በሽታው የሚኖርበት አገር መልኩን ይለውጠዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቈረቈረች ከተማ ናት። በስተ ሰሜን የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይነሣል፤ ደጀንን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ አገሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ወደ ገበያ፥ ወደ ወንዝና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው መንገድ በብዙ ቀበሌ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ጤፍ የሚታረመውና የሚታጨደው ጎንበስና ቁጢጥ ተብሎ ነው። ውሃውም እንጨቱም በሴቶች ጀርባ ይመጣል።

ይህ ዓይነቱ ኑሮ በመገጣጠሚያ ላይ የሚያደርሰው ጫና በሌላ አገር ተጠንቶአል። በቤጂንግ ከተማ በተደረገ ጥናት በወጣትነታቸው በቀን ለብዙ ሰዓት ቁጢጥ ይሉ የነበሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የጉልበት ልም አጥንት በሽታ ይበዛባቸው እንደ ነበረ ታይቶአል። በእንግሊዝና በስዊድንም ለብዙ ዓመት በእርሻ የኖሩ ሰዎች የዳሌ መገጣጠሚያቸው ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚጎዳ ተመዝግቦአል። ስለዚህ የጎጃም ገበሬ «ሥራው ነው የጨረሰኝ» ሲል አባባሉ ከተራ እሮሮ የሚቈጠር አይደለም፤ ሐኪም ሊመዘግበው የሚገባ ማስረጃ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በውጭ አገር መጻሕፍት ለጉልበት ሕመምተኛ የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክሮች ሁለት ናቸው፤ «ክብደትህን ቀንስ» እና «ተንቀሳቀስ»። ምክሮቹ ለወፈረና በወንበር ላይ ለሚውል ሰው ትክክል ናቸው፤ በደብረ ማርቆስ ቢሮ ለሚውለውም ሹም ይጠቅማሉ። ከጎዛምን ወይም ከስናን ወረዳ በእግሩ ለመጣ ከሲታ ገበሬ ግን ቃል በቃል ቢነገሩት እንደ ቀልድ ይሆንበታል። ለእርሱ መቀነስ ያለበት ክብደት በጀርባው የሚሸከመው ነው። እንቅስቃሴውም ቢሆን ቀኑን ሙሉ የደከመ ጡንቻ በሥራ ብዛት አይጠነክርም፤ የሚጠነክረው በመጠንና በዕቅድ ሲሠራ ነው። ምክርን ከመጽሐፍ ቀድቶ ከማስተላለፍ ይልቅ በአገሩ ልክ መስፋት ያሻል የምንለው ስለዚህ ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

አሁን ወደ ምርመራው እንመለስ። አንድ ጤና መኰንን ወይም ነርስ ያለ ምንም መሣሪያ አራት ጥያቄዎችን በመጠየቅ ብዙ ሊያውቅ ይችላል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሕመሙ እንዴት ጀመረ የሚል ነው። በዓመታት ውስጥ ቀስ ብሎ የመጣ ሕመምና በአንድ ሌሊት የተነሣ ሕመም አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ጥያቄ «አባባ፥ ጠዋት ሲነሡ እግርዎ እስኪፍታታ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» የሚል ነው። ሰዓት የማይቈጥሩ እንደ ሆነ ከብቱን ከበረት እስኪያወጡ ነው ወይስ ፀሐይዋ ከረር እስክትል ብሎ መጠየቅ ይበቃል። የልም አጥንት ማለቅ የሚያመጣው መተሳሰር ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቈይና የሁለቱንም እጆች ጣቶች የሚያሳብጥ ከሆነ ግን ሩማቶይድ የሚባለው፥ የራሱ የሰውነት መከላከያ መገጣጠሚያውን የሚያጠቃበት፥ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላልና ሳይዘገይ መላክ ይገባል።

ሦስተኛው ጥያቄ የታመመው ስንት መገጣጠሚያ ነው የሚል ነው። በሌሊት ድንገት የእግርን አውራ ጣት አቅልቶ አላስነካ የሚለው በደም ውስጥ የሚጠራቀም የዩሪክ አሲድ ጣጣ ነው፤ «ሪህ» የሚለው ስም በትክክል የሚገባውም ለእርሱ ነው።

አራተኛው ጥያቄ ትኩሳት፥ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት አለ ወይ የሚል ነው። ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ከብት አርቢ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ከትኩሳት ጋር ሲመላለስበት ብሩሴሎሲስ የሚባለው የከብት በሽታ ይጠረጠራል። የሳንባ ነቀርሳ የምንለው በሽታም ሳንባን ትቶ በአከርካሪ፥ በዳሌ ወይም በጉልበት ሊቀመጥ ይችላል።

ዕድሜው 45 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሥራ ሲሠራ የሚብስ ሲያርፍ የሚሻል ሕመም ካለበት፥ የጠዋት መተሳሰሩም ከግማሽ ሰዓት የማያልፍ ከሆነ፥ ሌላም የሚያስጠረጥር ምልክት ከሌለው፥ ያለ ራጅ የልም አጥንት ማለቅ ነው ብሎ መወሰን እንደሚቻል የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ ይፈቅዳል። ከጥያቄው በኋላ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ ማጠፍና መዘርጋት፥ የጭኑን ጡንቻ መክሳት ማየት፥ ዳሌውንም ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ጉልበቴን አመመኝ የሚል ሰው በሽታው በዳሌው የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በተለይ በልጆች።

የልጅ መገጣጠሚያ ሲታመም

ስለ ልጆች ካነሣን ዘንድ አንዳንዱ ሕመም ቀጠሮ እንደማይሰጥ መናገር አለብን። አንድ ልጅ ትኩሳት ይዞት አንድ መገጣጠሚያው አብጦ፥ እግሩን መሬት አላስነካ ቢል፥ በውስጡ መግል ሊኖር ይችላል። መግል ልም አጥንትን የሚበላው በዓመት ሳይሆን በቀናት ነው። ይህ ልጅ ሊታሽ አይገባውም፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ሌላው ልጅ ደግሞ ጉሮሮውን ከታመመ ከሳምንታት በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፥ ከዚያም ወደ ክንድ ይዘዋወርበታል። ይህ የሩማቲክ ትኩሳት ነው። መገጣጠሚያዎቹ ይድናሉ፤ የልቡ በሮች ግን ተበላሽተው ሊቀሩ ይችላሉ። በጊዜው ከታወቀ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ በሽታው እንዳያገረሽ ማድረግ ይቻላል። «ቁርጥማት ነው፥ ያልፋል» ብሎ የሸኘው ሰው ሳያውቀው የልጁን ልብ አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

ሩጫና ዝላይ የሚያዘወትሩ ወጣቶችም የራሳቸው የሆነ በሽታ አላቸው። ከልም አጥንቱ ሥር ያለው ትንሽ የአጥንት ክፍል ደም አጥቶ ከነሽፋኑ ይላቀቃል፤ ጉልበቱም አንዳንድ ጊዜ እንደ ተቈለፈ ሆኖ አልዘረጋ ይላል። ይህ ሲሆን ራጅ ያስፈልጋል። አጥንቱ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ በጊዜው ከሩጫ ቢያርፍ ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይሽርለታል።

ራጅ ምን ያያል?

ሕዝባችን በራጅ ላይ ትልቅ እምነት አለው። ራጅ ሳይነሣ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሕመምተኛ እንዳልታየ ይቈጥረዋል። ሮንትገን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1895 ያገኘው ይህ ጨረር በእውነት ትልቅ ረዳት ነው። ነገር ግን ልም አጥንት ራሱ በራጅ አይታይም፤ የሚታየው በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት መጥበቡና በዳር የበቀለው ትርፍ አጥንት ነው። ኬልግረንና ሎረንስ የተባሉ ሐኪሞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ይህን መጥበብ ከዜሮ እስከ አራት በደረጃ ከፍለው ደነገጉ፤ አከፋፈላቸው እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይሁን እንጂ በራጅ ላይ በጣም የከፋ መገጣጠሚያ ይዞ ያለ ሕመም የሚያርስ ሰው አለ፤ ራጁ ደኅና ሆኖ የሚሠቃይም አለ። ስለዚህ ማከም የሚገባው ሰውየውን እንጂ ፎቶግራፉን አይደለም። ለዚህ ዓይነቱ ሕመም በሬ ሸጦ ለኤም.አር.አይ. ምርመራ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ብዙውን ጊዜ ሕክምናውን አይለውጠውም፤ ገንዘቡ ግን ያልቃል።

ሕክምናው

ልም አጥንቱ የማይመለስ ከሆነ ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ ብዙ ነገር ይደረጋል የሚል ነው፤ በልም አጥንቱ ዙሪያ ያለው ሁሉ ሊታገዝ ይችላልና።

ከሁሉ የሚቀድመው የጭን ጡንቻ ነው። ሕመምተኛው በመደብ ወይም በበርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ ይዘረጋል፤ እስከ አምስት ቈጥሮ ቀስ ብሎ ያወርዳል። ይህን በየእግሩ አሥር ጊዜ፥ ጠዋትና ማታ ቢያደርግ ለውጡን ከሳምንታት በኋላ ያየዋል። ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜ ሰጥቶ የሚያሳይ ባለሙያ ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ይህን ለጤና ጣቢያ ነርሶችና ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ማስተማር ይችላሉ።

ሁለተኛው ምርኩዝ ነው። በመቋሚያ ተደግፎ ሌሊቱን የሚቆመው የጎጃም ካህን የድጋፍን ጥቅም ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ነገር ግን ብዙ ሰው ምርኩዙን በታመመው እግር በኩል ይይዛል፤ ትክክለኛው በተቃራኒው እጅ መያዝ ነው። ቀኝ ጉልበቱ የታመመ በግራ እጁ ይያዝ።

ሦስተኛው የሥራን ጠባይ መለወጥ ነው። ሸክሙን ለአህያ መስጠት፥ አረሙን በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጦ ማረም፥ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ መውረድ፥ በመጸዳጃ ጉድጓድ ላይ መቀመጫ መሥራት ቀላል መስለው ይታያሉ፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ግን የቀኑን ሥቃይ ይቀንሱለታል።

መድኃኒት የሚመጣው ከነዚህ ጋር ነው። በጉልበት ላይ የሚቀባ ዲክሎፌናክ ይረዳል፤ በአፍ ከሚወሰደው ይልቅም ጉዳቱ ያነሰ ነው። በአፍ የሚወሰዱት ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ሕመም ያስታግሣሉ፤ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራን ያደማሉ፥ ኩላሊትን ይጎዳሉ፥ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚዋጠው ዴክሳሜታሶንና ፕሬድኒሶሎን ነው። የሁለት ቀን እፎይታ ይሰጣል። ሲዘወተር ግን አጥንትን ያሳሳል፥ ስኳርን ያመጣል፤ ወደ ዳሌው አጥንት ራስ የሚሄደውን ደም አቋርጦ ራሱ አዲስ የመገጣጠሚያ በሽታ ሊፈጥር ይችላል። ለረጅም ጊዜ የወሰደውም ሰው በድንገት ቢያቋርጠው ሕይወቱን ያሰጋዋልና ማቆም ያለበት በሐኪም ምክር ነው።

በመጨረሻ ቀዶ ጥገና አለ። ጆን ቻርንሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራ የዳሌ መገጣጠሚያ ከተከለ ወዲህ በዓለም ላይ ሚሊዮኖች ቆመው ሄደዋል። በአገራችንም በአዲስ አበባ ይህን የሚሠሩ ሐኪሞች አሉ። ግን የሚተከለው ዕቃ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው፤ ጉልበቱ የተለወጠለት ሰውም ቁጢጥ ማለትና ከባድ መሸከም ይቸግረዋል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልሆነለት የሚቀርብ እንጂ የመጀመሪያው በር አይደለም። በአንጻሩ መገጣጠሚያን በመሣሪያ ከፍቶ ማጠብ ለዚህ በሽታ ከማስመሰል ሕክምና እንደማይበልጥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በአሜሪካ የወጣ ጥናት አሳይቶአል።

የወጌሻውና የሹሙ ድርሻ

ወጌሻ በገጠሩ የተከበረ ነው። ቅርብ ነው፥ ያጽናናል፥ ወለምታና ውልቃትም ያያል። ይሁን እንጂ ቀርቀሃን አጥብቆ ማሰር የደም ሥርን ዘግቶ እግርና እጅ እስከማስቈረጥ እንደሚያደርስ የአገራችን ሐኪሞች ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ጽፈዋል። ከወጌሻ ጋር መጣላት ሕዝቡን ወደ ስውር ቦታ ይወስደዋል እንጂ አይጠቅምም። የሚሻለው ሁለት ነገር መስማማት ነው፤ ትኩሳት ያለውን ያበጠ መገጣጠሚያ እንዳያሽ፥ የታሰረውም እጅና እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፥ ከደነዘዘ ወይም ከጠቈረ ወዲያው ፈቶ ወደ ሐኪም እንዲልክ።

ወጣቱ ሹም ደግሞ ሐኪም ባይሆንም ሥራ አለበት። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የጎጃሙ ደቡብ አቸፈር ወረዳ ነበር። መድኑ የሚጠቅመው ሕመምተኛው ከጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀቱን ይዞ በደረጃው ሲሄድ ነው። ይህን ለአንድ ሽማግሌ ቀበሌው ውስጥ አስቀድሞ ማስረዳት በሬውን ከመሸጥ ያድነዋል። መድኃኒት ቤቶች ዴክሳሜታሶንን ያለ ማዘዣ እንዳይሸጡ መቈጣጠርና የውሃ ቦታን ወደ መንደር ማቅረብም የመገጣጠሚያ ሕክምና ናቸው ብንል አልተሳሳትንም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት መንገድን በየጊዜው አቋርጦአል፥ መድኃኒትንም አጓድሎአል። ይህ ሁኔታ ክርክራችንን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። መንገድ በተዘጋ ቀን ከሩቅ ሆስፒታል ያለው ማሽን ለማንም አይደርስም፤ በጤና ጣቢያው ያለው የነርሷ ጥያቄ፥ እጅዋና ምክርዋ ግን በስፍራው አሉ። አራቱን ጥያቄዎች የሚያውቅ ባለሙያ ባለበት ቀበሌ፥ ለሽማግሌው ሕመም ጊዜ እንዳለ፥ ለትኩሳታሙ ልጅ ግን ጊዜ እንደሌለ ይታወቃል። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲና በየጤና ኮሌጁ የሚማሩት ወጣቶች ከዲፕሎማቸው ጋር ይህን ማስተዋል ይዘው እንዲወጡ አደራ እንላለን።